ከፍ ብሎ የሚመታው ጠመንጃ

ባለቤቴን ሰው የሚያውቀው «ማን ያውቃል» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። «ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» ቢሉት «ማን ያውቃል»፤ «ሚስትህ ደህና ናት?» ቢሉት «ማን ያውቃል»። እኔ እዚያው አጠገቡ ቆሜ!

ጠመንጃ ሻጭና ጠጋኝ ነው። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ እቆማለሁ፤ እሱ ከኋላ ባለው ክፍል ከሞርሳውና ከዘይቱ ጋር ይውላል። በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለው በር ግን ተዘግቶ አያውቅም። እጁ ሥራ ላይ፣ ጆሮው እኔ ጋ ነው። ደንበኛው ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ከማለቱ በፊት ምን ያህል እንዳመነታ ሁሉ ይሰማል። ሰውየው ከወጣ በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ ይልና «ዋሽቷል» ይለኛል።

«ሰው ካሊበር የሚመርጠው በሚያድነው አውሬ እንዳይመስልሽ፤ በሚፈራው ሰው ነው» ይላል። ካሊበር ማለት የጥይቱ ውፍረት ነው፤ አዳኞች በቁጥር ይጠሩታል። ትንሹ ሃያ ሁለት ነው፤ ለጥንቸልና ለእርግብ የሚሆን፣ ድምፁም ጭብጨባ የሚያህል። እንደ ባለቤቴ ከሆነ እሱን የሚጠይቅ ሰው ጎረቤት እንዳይሰማበት የሚፈልገው ጉዳይ አለው። ሁለት ሰባ ቀጥ ብሎ ሩቅ ይሄዳል፣ ትከሻም አይጎዳም፤ እሱን የሚገዛ ወይ ብልህ ነው ወይ ሚስቱ መርጣለታለች። የሦስት ዜሮ ስምንት ጥይት የትም አገር ይገኛል፣ ለአጋዘንም ለከርከሮም ይበቃል፤ «ይህን የሚወስድ ሰው ሐሳቡን ለማንም አያወጣም፣ ተጠንቀቂው» ይለኛል። ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሽማግሌዎች ነው። አባታቸው ይዞት ስለነበር ይይዙታል፤ የአባታቸውን የአደን ውሸትም አብረው ወርሰዋል። ከሁሉም የሚከፋው ትልቁ፣ ሦስት መቶ ማግነም ነው። ባሩዱ ብዙ፣ ሲተኮስ ትከሻ ላይ ርግጫው የበቅሎ።

«እሱን የሚገዛ ሰው ጎሽ በሥዕል እንጂ በዓይኑ አላየም» ይላል።

«ታዲያ ለምን ይገዛዋል?»

«ጓደኛው ሦስት ዜሮ ስምንት ስላለው ነዋ!»

እውነቱን ልናገርና ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ሃያ ሁለት የገዛው አንዱ የጎረቤቱን ውሻ ሲገድል ተይዟል። ያበላሸውም ይኸው ልክ መሆኑ ነው። ሁልጊዜ የሚሳሳት ተጠራጣሪ ቢሆን ስቀንበት እናልፈው ነበር። እሱ ግን አንድ ጊዜ በተሳካለት ቁጥር «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» እያለ በሚጠረጥራቸው ላይ ሰባት ሰው ይጨምራል። ፖስተኛውን ይጠረጥራል። በር ላይ ዘመድ ሲመጣ በቀዳዳው አይቶ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይላል። በዚህ ዓለም ላይ የማይጠረጥረው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። የሱቁ ቁልፍ፣ የገንዘብ ሣጥኑ፣ መድኃኒቱ ሳይቀር በእኔ እጅ ነው። እኔም አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከእኛ ጋር ታናሽ ወንድሜ ይኖር ነበር። እናታችን ስታርፍ ወደ እኔ መጣ፤ ለእኛም እግዚአብሔር ልጅ ስላልሰጠን ቤቱ የሱ ሆነ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥይት ይሞላል። የተተኮሰውን ቀለህ ይሰበስባል፣ ያጥባል፣ ባሩዱን በትንሿ ሚዛን እየመዘነ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ጫፉ ላይ እርሳሱን ይገጥማል። ትዕግሥት የሚፈልግ ሥራ ነው። ባሩድ ካነሰ ጥይቱ አይደርስም፤ ከበዛ ደግሞ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ወንድሜ ሲመዝን ትንፋሹን እንኳ ይይዛል፣ ሚዛኗ እንዳትወዛወዝ። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ «ምሳ ደርሷል» ስለው፣ ጣቱን አንሥቶ እንድጠብቅ ምልክት ሰጠኝ፤ ወጡ ቀዘቀዘ።

ነገሩ የጀመረው ከፊት ለፊታችን ሌላ የጠመንጃ ሱቅ ሲከፈት ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ ሱፍ ይለብሳል፤ እኛም «ባለ ሱፉ» አልነው። መስኮቱ ላይ ትልቅ የጎሽ ሥዕል ለጠፈና ከሥሩ ሦስት መቶ ማግነም አቆመ። በቃ! ከተማው አበደ። ትናንት እርግብ ያሳድድ የነበረው ሁሉ ትልቁን ካልያዝኩ አለ። እኛም ምን እናድርግ፣ አስመጣን።

ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ደግሞ ዒላማ መያዝ አለበት። በማነጣጠሪያው መነጽር የሚታየው ነጥብና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ አንድ እስኪሆን ድረስ እየተኮሱ፣ መነጽሩን በብሎን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን ሥራ ባለቤቴ ለማንም አይሰጥም። «ሌላ ሰው ባስያዘው ዒላማ የኔን ስም አላስጠራም» ይላል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ትልቅ ጠመንጃ እየጫነ ከከተማ ውጭ ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ይሄዳል፤ ሲተኩስ ውሎ አመሻሽ ላይ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ባለ እርሻው መጣ። ሰፊ የበቆሎ እርሻ ያለው፣ ከርከሮ ያስቸገረው ሰው ነው። ትልቁን ጠመንጃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው ከማለት ወረወረው ማለት ይቀላል።

«ሠራተኛዬ ሆስፒታል ተኝቷል» አለ። «ከርከሮው በቆሎዬ መሃል ቆሞ፣ ደረቱ ላይ አነጣጥሬ፣ ረጋ ብዬ ተኮስኩ። ጀርባውን ላጨው እንጂ አልገባም። ዞሮ መጣና የሰውየውን ጭን በክራንቻው ተረተረው። ይህ ጠመንጃ ከፍ አድርጎ ነው የሚመታው! ዒላማውን ማን ነው ያስያዘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ ከኋላ ብቅ ብሎ።

«እንግዲያስ በሚቀጥለው የምመጣው ከፖሊስ ጋር ነው።»

ሰውየው ሲወጣ ባለቤቴ እንደ ልማዱ «ዋሽቷል፤ ጠጥቶ ነበር» አለ። ግን በማግስቱ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። የሁሉም ቅሬታ አንድ ነው፦ ከፍ ይላል። የሁሉም ጠመንጃ አንድ ነው፦ ትልቁ። ሁለት ሰባ የገዛ አንድም ሰው አላማረረም። ይህን ያስተዋልኩት ባንኮኒው ላይ የምውለው እኔ ነኝ፤ ምላሴ ይቆረጥና ለባለቤቴ የነገርኩትም እኔው ነኝ።

ሰምቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ራት ላይ ማንንም ሳያይ «የትልቁ ጥይት ባሩድ በዝቷል» አለ።

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ እያንዳንዷን እመዝናለሁ።»

«ባሩድ ካልበዛ ጥይት ወደ ላይ አይወጣም።»

«ይመዝኑት እንግዲያ።»

መዘነው። ጥይቶቹን እየፈታ ባሩዱን አፈሰሰና መዘነ፤ ልክ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። የኔው ሰውዬ ግን ሚዛኗን ጠረጠረ! ከወርቅ ሠሪው ሌላ ሚዛን ተውሶ መጣ፤ አሁንም ልክ ሆነ። «ገባኝ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ልክ የሆነውን ለእኔ ማሳያ ያስቀምጣል፣ የበዛውን ለደንበኛ ይሰጣል።»

«ኧረ በሕግ! ለምን ብሎ?»

«ባለ ሱፉን ጠይቂው። ከሱቁ በር ላይ ሲያወሩ አይቻቸዋለሁ። አንድ ጠመንጃ ሰው እጅ ላይ ቢፈነዳ እኔ እስር ቤት፣ ወንድምሽ እዚያ ማዶ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አልኩት። ግን ወንድሜን ለብቻው ሳገኘው «ከባለ ሱፉ ጋር ምን አወራህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሰላምታ ነው» አለኝ። ጆሮው ቀላ። የወንድሜን ጆሮ አጥቤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሲዋሽ ይቀላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ማየት ጀመርኩ። ሲወጣ በመስኮት አያለሁ፤ ሲገባ ኪሱን አያለሁ። ሦስት ሰው አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን፣ ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳ እየተፈራራን እንበላለን። ቤቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ባለቤቴ የባሩዱን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከወንድሜ ተቀብሎ አንገቱ ላይ አሠረው። «እሑድ ሦስታችንም ካባው እንሄዳለን» አለ። «መጀመሪያ የሱን ጥይት፣ ቀጥሎ የፋብሪካውን እተኩሳለሁ። ልዩነቱን በዓይኑ አሳየውና ሻንጣውን ይያዝ።»

«ወንድሜን ከቤቴ ልታስወጣ?»

«ቤታችን እንዳይፈነዳ» አለ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ሲጮህ አምኖ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ሲናገር ግን አበቃለት።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሸሚዝ ሲቀይር ገላውን አየሁት። ቀኝ ትከሻው ከፊቱ በኩል እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቁሯል። እነዚያ ሁሉ ትልልቅ ጠመንጃዎች! ያን ያህል ጊዜ ሲራገጡት አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም። «ቅባት ልቀባህ» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄ ገና ሳይደርስ ትከሻው ሸሸ። ፊቱን እንኳ አላዞረም፤ ወሬውን ቀጠለ፤ ትከሻው ብቻውን ሸሸ። ደግሜ ዘረጋሁ። ደግሞ ሸሸ።

«ምን ሆነህ ነው የምትሸሸው?»

«ማን ሸሸ?» አለኝ። ከልቡ ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ተኛሁ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚወደውን እጅ የሚሸሽ ትከሻ፣ የሚራገጠውን ጠመንጃ እንዴት ዝም ብሎ ይጠብቃል? እኔ ተኳሽ አይደለሁም፤ ግን ዕድሜዬን የተኳሽ ወሬ ሰምቻለሁ። ጀማሪዎች ርግጫውን ፈርተው ቃታውን ከመሳባቸው በፊት አፈሙዙን ጎንበስ ያደርጉታል። ጠመንጃው ሲጮህ ሁሉም ነገር ስለሚዘል ማንም አያየውም፤ ተኳሹም አያውቀውም። ባለቤቴ ራሱ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥመው ሳይነግረው ከጥይቶቹ መሃል ባሩድ የሌለው ማሳያ ጥይት ይከትበታል። ቃታው ይሳባል፣ ድምፅ የለም፣ አፈሙዙ ብቻ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ጎንበስ ይላል። ያኔ ጀማሪው ያፍራል፣ ይማራል።

ማሳያ ጥይቶቹ ደግሞ እኔ ባንኮኒ ላይ ናቸው፤ ደንበኛ እንዲያያቸው በጣውላ ላይ የተደረደሩ። ጠዋት ከመነሣታችን በፊት የትልቁን ሁለቱን ወስጄ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኳቸው።

ካባው ጋ ስንደርስ ባለቤቴ ጠረጴዛውን ዘረጋ፣ የአሸዋ ከረጢቱን አስተካከለ፣ ባለ እርሻው ጥሎት የሄደውን ጠመንጃ አወጣ። ወንድሜ የዒላማውን ወረቀት ሰቅሎ ተመለሰና ከኋላችን ቆመ። ከዚያ ባለቤቴ ሁለቱን የጥይት ሣጥኖች ለእኔ ሰጠኝ።

«የጠመንጃውን ካዝና አንቺ ሙዪው» አለኝ። «እሱ እጁን እንዳያስገባ።»

ሰው ሁሉ ሌባ በሆነበት ዓለም የመረጠው የኔን እጅ ነው። ሞላሁት፤ ሁለተኛው ማሳያ ነበር።

የመጀመሪያው ጮኸ። ካባው አስተጋባ። አቀባበለ፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ፣ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ፤ ሌላ ድምፅ የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ ዓይኑ ጭፍን አለ፣ ትከሻው ሸሸ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ጎንበስ አለ። ወንድሜ አየ። እኔ አየሁ። ከሁሉም በፊት ያወቀው ግን እሱ ነው።

«ጥይቱ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ይኸው! ሥራህን አየህ!» ወደ ወንድሜ ዞረ። ከዚያ ጥይቱን አወጣና በመዳፉ አገላበጠው። ማሳያ ጥይት ጎኑ ላይ የተበሳች ቀዳዳ አለችው፤ ቀዳዳዋን የበሳት እሱ ራሱ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺም?» አለኝ።

እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። «አዎ፣ እኔም» አልኩት። «ባሩዱ ልክ ነው። ሚዛኑም ልክ ነው። ትከሻህ ነው። አንተ ስትተኩስ አፈሙዙን ታወርደዋለህ፤ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ዝቅ አለ ብለህ መነጽሩን ታስተካክላለህ። ከዚያ ትከሻው ያልታመመ ሰው ሲተኩሰው ከፍ ይላል። ትልቁ ላይ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው፤ ሁለት ሰባ አይራገጥህም።»

አላመነም። «እንደገና ሙዪው» አለ። ሞላሁ፤ የማሳያውን ቦታ ለወጥኩት። አራተኛው ላይ ቀጭ አለ። አውቆም፣ ተጠንቅቆም፣ ጥርሱን ነክሶም አፈሙዙ ጎንበስ አለ። ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ያኔ አሳዘነኝ። የከዳው ዕድሜ ልኩን ያልጠረጠረው፣ የሚመካበት የገዛ አካሉ ነበርና።

«አንተ ተኩስ» አለው ወንድሜን፣ ሳያየው።

ወንድሜ ራሱ በሞላቸው ጥይቶች ተኮሰ። ሁሉም ከነጥቡ በላይ፣ ተጠጋግተው አረፉ። ብሎኑን አዞረና ደግሞ ተኮሰ፤ መሃሉን በሳው። ባለቤቴ ወረቀቱን ብዙ አየው። «ባሩዱ ደህና ነው» አለ። ይቅርታ መጠየቁ ነው፤ ከዚህ በላይ አፉ አይችልም።

«ደህና እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር» አለ ወንድሜ።

በማግስቱ ባለቤቴ ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ አስመለሰ። ባለ እርሻው ቤት ሄዶ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለከርከሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግህም፣ ሁለት ሰባ ወይ ሦስት ዜሮ ስምንት ልስጥህ» አለው። ሰውየው «ያልሸጥከውን ልታራግፍብኝ ነው አይደል?» አለው። ኋላ ሲነግረኝ እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ሲመለስ የወንድሜ ክፍል ባዶ ነበር። ባለቤቴ ወጥቶ ሳለ፣ ወንድሜ ልብሱን አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ሲከት በር ላይ ቆሜ ለምኜው ነበር። «ተፈታ እኮ ነገሩ!» አልኩት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ባለ ሱፉ ሥራ ልስጥህ ሲለኝ እምቢ እያልኩት ነበር። ስትጠይቂኝ ያልነገርኩሽ ለጋሼ ትነግሪዋለሽ ብዬ ነው። እኔም ፈርቼሽ ነበር። ከኪሴ ላይ ዓይንሽን ስታነሺ አይቼሻለሁ።» ሻንጣውን ይዞ መንገዱን ተሻገረና ማዶ ገባ። ባለቤቴ የጠረጠረው በመጨረሻ ሆነ፤ ያደረግነውም እኛው ነን።

አሁን ጥይት የምሞላው እኔ ነኝ፤ በወንድሜ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በሱ ሚዛን፣ ትንፋሼን ይዤ። ባለቤቴ ትልልቆቹን መተኮስ ትቷል። አንድ ቀን «ወንድምሽ ያስይዛቸው» አለኝ። የራሱን ስም ማዶ መላክ ምን ያህል እንደከበደው አውቃለሁና አልተከራከርኩም። ጠመንጃውን በሽፋኑ፣ ጥይቱን በሣጥን ይዤ ተሻገርኩ።

ወንድሜ ተነሥቶ ሳመኝ። ወንበር አቀረበልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ ስለ ጋሼ ትከሻ ጠየቀኝ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ከፍቶ አየው። «ጥይቱንም ሞልቼልሃለሁ፣ ሃምሳ ነው» አልኩና ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት።

ሣጥኑን አየው። ክዳኑን አልከፈተም። ቀስ ብሎ፣ እንዳያስቀይመኝ ተጠንቅቆ፣ በመዳፉ ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

«አትቀየሚኝ እትዬ» አለኝ። «ካንቺ እጅ የመጣ ጥይት አልተኩስም። በራሴ ጥይት አስይዘዋለሁ።»

ሣጥኑን አንሥቼ ነጠላዬ ሥር ደብቄ ወጣሁ። ባለቤቴ የሱቃችን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ጥይቱን ምን አለው?» አለኝ።

«ደህና ነው አለ» አልኩት።